ላልተዘራ ጥጥ የተከፈለ

በ1933 ሰኔ መጨረሻ ላይ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የሚኖሩ ጥጥ አምራቾች እስከዚያ ድረስ ሰምተውት የማያውቁት ጥያቄ ቀረበላቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አብቦ ፍሬ ሊቋጥር የደረሰ ጥጣቸውን በገዛ ማረሻቸው ገልብጠው እንዲቀብሩት፣ መንግሥትም ለዚሁ ገንዘብ እንዲከፍላቸው። ሰዎቹ እያንገራገሩም ቢሆን ፈረሙ። ያስቸገሩት በቅሎዎቹ ነበሩ። የጥጥ አገር በቅሎ ከመጀመሪያው የምትገራው በሁለት ትልም መካከል እንድትሄድ፣ ተክሉንም እንዳትረግጥ ነው፤ አሁን ጥጡ ላይ ውጪ ስትባል ወደ ጎን እየሸሸች እምቢ አለች። በቅሎዋ ከዋሽንግተን ሹማምንት የተሻለ ታስተውላለች የሚለው ቀልድ ያን ሰሞን ከእርሻ እርሻ ዞረ።

ጥያቄው ከደረሳቸው አካባቢዎች አንዱ በሚሲሲፒ ግዛት የሚገኘው የሰንፍላወር ካውንቲ ነው። በሚሲሲፒና በያዙ ወንዞች መካከል የተዘረጋው፣ ዴልታ የሚባለው ሜዳ አካል ነው፤ ለዘመናት የጎርፍ ውኃ እያመጣ የከመረው አፈር ጥልቅና ለም ነው። የካውንቲው መቀመጫ ኢንዲያኖላ የምትባል ትንሽ ከተማ ናት። በ1930 የሕዝብ ቆጠራ 66 ሺህ ያህል ሰው ይኖርበት ነበር፤ አብዛኛው ጥቁር፣ ከጥቁሮቹም አብዛኛው የሰው መሬት አራሽ።

አሠራሩ መሬት ለአራሹ ከመታወጁ በፊት የነበረውን የጭሰኛ ኑሮ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ እንግዳ አይሆንበትም። ባለ መሬቱ መሬቱን፣ በቅሎዋን፣ ዘሩንና ጎጆውን ይሰጣል፤ ቤተሰቡ ከልጅ እስከ ሽማግሌ ጉልበቱን ይሰጣል፤ ምርቱ እኩል ይካፈላል። ግን እስከ መከር ድረስ ቤተሰቡ የሚበላው በእርሻው ሱቅ በዱቤ እየተጻፈበት ነው። በታኅሣሥ ሂሳብ ሲዘጋ መዝገቡን የሚያነበው ባለ መሬቱ ብቻ ነው። ከ1932 ጀምራ በኢንዲያኖላ ተቀምጣ የከተማዋን ኑሮ ያጠናችው የሥነ ሰብእ ምሁር ሆርተንስ ፓውደርሜከር የአብዛኛው እኩል አራሽ ዓመት የሚያልቀው ባዶ እጁን ወይም በዕዳ እንደሆነ መዝግባለች። ስህተት ነው ብሎ የተከራከረ አራሽ ሌላ እርሻ ይፈልጋል፤ ሌላም መዘዝ ሊጠብቀው ይችላል።

ባለ መሬቱም ቢሆን ያን ጊዜ ተጨንቆ ነበር። በ1919 አንድ ፓውንድ ጥጥ ወደ 35 ሳንቲም ይሸጥ የነበረው በ1932 ወደ 6 ሳንቲም ወርዷል፤ ይህ ለቀማውንና መዳመጡን እንኳ በቅጡ አይሸፍንም። መጋዘኖች ባለፉት ዓመታት ጥጥ ተሞልተዋል። በመጋቢት 1933 ሥልጣን የያዙት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በግንቦት 12 የእርሻ ማስተካከያ ሕጉን ፈረሙ። የሕጉ ሐሳብ ቀጥተኛ ነው፤ ምርት ይቀነስ፣ ዋጋ ይነሣ፣ የቀነሰም ይካስ። መለኪያው ከ1909 እስከ 1914 የነበረው ዘመን ሆነ፤ ገበሬ ሸጦ በሚያገኘው ዶላር ያን ጊዜ ይገዛ የነበረውን ያህል ዕቃ እንደገና መግዛት ይችል ዘንድ። ገንዘቡ ጥጥ ከሚፈትሉ ፋብሪካዎች ላይ በሚሰበሰብ ግብር ይሸፈናል።

ሕጉ ሲፈረም ግን ጥጡ በቅሏል። ስለዚህ ነው ወደ 10 ሚሊዮን ኤከር የሚጠጋ የቆመ ሰብል እንዲገለበጥ የተወሰነው፤ አንድ ሄክታር ሁለት ኤከር ተኩል ያህል ነው። ክፍያው እንደ መሬቱ ምርታማነት በኤከር ከ7 እስከ 20 ዶላር ነበር። በአንድ ወቅት ብቻ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ በቼክ ወጣ። በጥቅምት ደግሞ የመንግሥት የምርት ብድር ድርጅት ተቋቋመና ለአንድ ፓውንድ ጥጥ 10 ሳንቲም ማበደር ጀመረ። ብድሩ ለተበዳሪው የሚያደላ ነው፤ ዋጋ ከ10 ሳንቲም ከበለጠ ገበሬው ጥጡን ሸጦ ይከፍላል፣ ካልበለጠ ጥጡን ለመንግሥት ትቶ ገንዘቡን ይዞ ይቀራል። የዚህ ብድር ዘሮች ዛሬም በአሜሪካ የእርሻ ሕግ ውስጥ አሉ።

አፈጻጸሙን ማን ያዘ? በዋሽንግተን የጥጥ ክፍሉን የመሩት ቀደም ሲል በሚሲሲፒ የግብርና ኤክስቴንሽን የሠሩት ከሊ ኮብ ነበሩ። ከፍ ብሎም ኦስካር ጆንስተን ነበሩ፤ በጎረቤት ቦሊቫር ካውንቲ የሚገኘው ዴልታ ኤንድ ፓይን ላንድ የተባለ፣ በማንቸስተር ፈታዮች የተያዘ ግዙፍ የጥጥ ኩባንያ ፕሬዚዳንት። በየካውንቲው ደግሞ ኮሚቴ ተቋቋመ። የኮሚቴው አባላት ያው የአካባቢው ትልልቅ ባለ መሬቶች ናቸው፤ የማን መሬት ስንት ኤከር ጥጥ ይፈቀድለታል፣ ያለፉት ዓመታት ምርቱስ ስንት ነበር የሚለውን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። በመርሕ ደረጃ ይህ ገበሬ ራሱን በራሱ የሚያስተዳድርበት ዴሞክራሲ ተብሎ ነበር የተወደሰው።

የ1934ና የ1935 ውል የዴልታን ዕጣ ወሰነ ማለት ይቻላል። ከእርሻ ውጭ ለሚደረገው መሬት በአንድ ፓውንድ ሂሳብ 4 ሳንቲም ተኩል ይከፈላል፤ ከዚህ ውስጥ 3 ሳንቲም ተኩሉ የመሬት ኪራይ ተብሎ በሙሉ ለባለ መሬቱ፣ ቀሪዋ አንዷ ሳንቲም ደግሞ ከእኩል አራሹ ጋር እኩል ትካፈላለች። ባለ መሬቱ አራት፣ አራሹ ግማሽ። የአራሹም ግማሽ ሳንቲም የምትደርሰው በባለ መሬቱ እጅ አልፋ፣ የሱቁ ዱቤ ከተነሣላት በኋላ ነው። የውሉ ሰባተኛ አንቀጽ ባለ መሬቱ የአራሾቹን ቁጥር «በተቻለ መጠን» እንዳይቀንስ ይላል። ይህን ሐረግ ያስገባ ሰው ምን እንደሚሠራ ያውቅ ነበር።

አንድ ባለ መሬት ሦስት አምስተኛውን መሬት ብቻ የሚያርስ ከሆነ ሁሉም አራሾች ለምን ያስፈልጉታል? ደግሞ እኩል አራሹን ወደ ቀን ሠራተኛ ከለወጠው ያቺን ግማሽ ሳንቲም እንኳ ማካፈል የለበትም። በየእርሻው ቤተሰቦች ይባረሩ ጀመር። በሐምሌ 1934 ከወንዙ ማዶ በአርካንሳ ግዛት ታይሮንዛ በምትባል ከተማ ነጭና ጥቁር አራሾች አንድ ሆነው የደቡብ ጭሰኛ ገበሬዎች ማኅበርን አቋቋሙ። በግብርና ሚኒስቴር ውስጥም ወጣት የሕግ ባለሙያዎች ሰባተኛው አንቀጽ እነዚያኑ አራሾች በቦታቸው ማቆየትን ያስገድዳል ብለው ተረጎሙ። ባለ መሬቶቹ በወኪሎቻቸው በኩል ጮኹ። በየካቲት 1935 የሕግ ክፍሉ ኃላፊ ጀሮም ፍራንክ ከባልደረቦቻቸው ጋር ተባረሩ፤ ሚኒስትሩ ሄንሪ ዋላስ ውሳኔውን አጸደቁት። ከዚያ በኋላ አንቀጹ ለዘለቄታው ከወረቀት አልወረደም።

በጥር 1936 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የፋብሪካ ግብሩን ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል ብሎ ሻረው። ኮንግረስ በሁለት ወር ውስጥ መንገድ አገኘ፤ አሁን የሚከፈለው ምርት ለመቀነስ ሳይሆን አፈር ለመጠበቅ ነው ተባለ፣ ገንዘቡም ከአጠቃላይ ግምጃ ቤት መጣ። በዚያው ዓመት የሚሺጋኑ ሴናተር አርተር ቫንደንበርግ ትልልቅ ክፍያ የወሰዱ ሰዎች ስም ይገለጥ ብለው አፋጠጡ። የጆንስተን ኩባንያ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር እንደወሰደ ወጣ፤ አከፋፋዩ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሹመት ያላቸው ሰው የሚመሩት፣ ባለቤቶቹም እንግሊዛውያን የሆኑ ኩባንያ። ቅሌቱ ጥቂት ወራት አነጋግሮ በረደ።

ቼኩ ግን ሥራውን ቀጠለ። ለባለ መሬት በየዓመቱ የሚመጣ የተረጋገጠ ጥሬ ገንዘብ ማለት ባንክ የሚያበድርበት ዋስትና፣ ትራክተር የሚገዛበት ቅድመ ክፍያ ነው። በጥቅምት 2፣ 1944 ከሰንፍላወር በስተሰሜን፣ ክላርክስዴል አጠገብ በሚገኝ እርሻ ላይ ሦስት ሺህ ያህል ሰው የጥጥ መልቀሚያ ማሽን ሊያይ ተሰበሰበ። የጎበዝ ለቃሚ እጅ በሰዓት 20 ፓውንድ ሲለቅም ማሽኑ 1000 ፓውንድ ለቀመ። የእርሻው ባለቤት ባሰላው ሂሳብ አንድ እስር ጥጥ በእጅ ሲለቀም 39 ዶላር ከ41 ሳንቲም፣ በማሽን 5 ዶላር ከ26 ሳንቲም ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ፀረ አረም መጣና መኮትኮትንም ተካ። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ የዴልታ ሰው በባቡር ወደ ቺካጎ ጎረፈ። ማሽኑን ብቻ ተጠያቂ የሚያደርግ ትረካ ግን ግማሹን ይተዋል፤ ከማሽኑ አሥር ዓመት ቀድሞ ቤተሰቦችን ከጎጆአቸው ያስወጣው የመንግሥት ውል ነበር፣ ማሽኑን ለመግዛት ያስቻለውም በከፊል የመንግሥት ቼክ።

ከጦርነቱ በኋላ ምርት እንደገና ከፍጆታ በለጠ። መንግሥት እየገዛ የሚያከማቸው እህልና ጥጥ መጋዘን ሲያጣ በ1954 ትርፉን ለውጭ አገር በርካሽና በእርዳታ የሚያቀርብ ሕግ ወጣ። ኢትዮጵያ ውስጥ ትልልቁ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው፣ የአሜሪካ ሕዝብ ስጦታ የሚል የታተመበት ጆንያ ከብዙ ዓመታት በኋላ የመጣው በዚሁ መንገድ ነው።

የሰንፍላወር ታሪክ ስም ያለው ፊት የሚያገኘው በ1962 ነው። ፋኒ ሉ ሄመር ከሃያ ልጆች የመጨረሻዋ ነበሩ፤ ቤተሰባቸው ወደ ካውንቲው የመጣው የሁለት ዓመት ሕፃን ሳሉ ሲሆን ጥጥ መልቀም የጀመሩት በስድስት ዓመታቸው ነው። አባታቸው አንድ ጊዜ ቀና ብለው መሬት ተከራይተው፣ በቅሎና ላም ገዝተው ነበር፤ አንድ ሌሊት የሆነ ሰው ከብቶቹን በመርዝ ፈጀባቸውና ቤተሰቡ ወደ እኩል አራሽነት ተመለሰ። ሄመር ራሳቸው በሩልቪል አጠገብ ባለ እርሻ የሥራ ሰዓት መዝጋቢ ሆነው ለዓመታት ሠሩ። ለቃሚውን የሚያጭበረብር ሚዛን ላይ ባለቤቱ ዞር ሲል የራሳቸውን ትክክለኛ ክብደት እየሰቀሉ እንደነበር ኋላ ተናግረዋል። በነሐሴ 31፣ 1962 ለመራጭነት ሊመዘገቡ በአውቶቡስ ኢንዲያኖላ ሄዱ። የዚያኑ ዕለት ከአሥራ ስምንት ዓመት ቤታቸው ተባረሩ።

ቀጥለው የመጡት የብርድ ወራት የድጎማን ሌላ ጎን አሳዩ። መንግሥት ከገበሬ የገዛው ትርፍ ዱቄት፣ ሩዝና የወተት ዱቄት ለድሆች የሚታደለው በካውንቲ አስተዳደር በኩል ነበር። ጎረቤት ሌፍሎር ካውንቲ የመራጮች ምዝገባው ሲበረታበት እደላውን አቋረጠ፤ ወደ 22 ሺህ ሰው በቅዝቃዜ ወር ያለ ምግብ ቀረ። ለባለ መሬቱ የሚሄደውን ቼክ ግን ማንም አላቋረጠም።

ምዝገባውን የሚያግዙት የመብት ታጋዮች የገንዘቡን ምንጭ አጣርተው ያውቁ ነበር። የጥጥ ኮታ የሚደለድለው ያኔም ያ በ1933 የተጀመረው የካውንቲ ኮሚቴ ነበር። ምርጫ ነበረው፤ ጭሰኛም የመምረጥ መብት ነበረው፤ ግን በደቡቡ ሁሉ በካውንቲ ኮሚቴ ወንበር ላይ ጥቁር ገበሬ ማግኘት ዘበት ነበር። በ1964 ወጣት ቀስቃሾች በየእርሻው እየዞሩ ለኮሚቴው ጥቁር ዕጩዎች አቆሙ። ዛቻ፣ ድብደባና የድምፅ ወረቀት ማምታታት ገጠማቸው፤ ወንበሩ ከባለ መሬቶቹ እጅ አልወጣም። ኮሚቴ ግን ተራ ነገር አይደለም። ኮታህ በአሥር ኤከር ከተቀነሰ ባንክ አያበድርህም፤ ባንክ ካላበደረህ መሬትህን ትሸጣለህ፤ የሚገዛው ደግሞ ብዙ ጊዜ የኮሚቴው አባል ወይም ዘመዱ ነው።

በዚያው 1964 ሄመር ለኮንግረስ ተወዳደሩ፤ ተቀናቃኛቸው ጄሚ ዊተን ነበሩ። ዊተን የተወካዮች ምክር ቤት የእርሻ በጀት ንዑስ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሲሆኑ፣ ሚኒስትሮች ሲመጡና ሲሄዱ እርሳቸው ስለማይነቃነቁ «ቋሚው የግብርና ሚኒስትር» ይባሉ ነበር። በምክር ቤቱ ከ1941 እስከ 1995 ቆይተዋል። ሄመር አላሸነፉም፤ ድምፅ መስጠት የሚችል ደጋፊያቸው እጅግ ጥቂት ነበር።

የአካባቢው ሌላው ኃያል ሰው ጄምስ ኢስትላንድ ናቸው፤ በሴኔት የፍትሕ ኮሚቴ ሊቀ መንበርነታቸው የመብት ሕጎችን ሲያንቁ የኖሩ። በሰንፍላወር፣ ዶድስቪል፣ ከ5 ሺህ ኤከር በላይ እርሻ ነበራቸው። በ1965 የወጣው ሕግ ጥጥ አምራቾች መሬታቸውን ከእርሻ ሲያወጡ በቀጥታ እንዲከፈላቸው ስላደረገ፣ ከ1966 ጀምሮ የዴልታ ቼኮች በአንድ ጊዜ አበጡ። የኢስትላንድ እርሻ ድርሻ በዓመት ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ሆነ። ሴናተሩ ድሆች ከመንግሥት እርዳታ የሚጠብቁ መሆናቸውን አጥብቀው የሚነቅፉ ሰው ነበሩ።

ሁለት ነገሮች በአንድ ወቅት ገጠሙ። በየካቲት 1967 ለእርሻ ሠራተኛ በታሪክ የመጀመሪያው ዝቅተኛ ደሞዝ፣ በሰዓት አንድ ዶላር፣ ተግባራዊ ሆነ። ባለ መሬቱ መሬት ላለማረስ እየተከፈለው ለሚያርም ሰው በሰዓት ዶላር ለምን ይክፈል? ፀረ አረሙን ረጨና የቀሩትንም አሰናበተ። በዚያው ላይ ብዙ ካውንቲዎች ነፃውን እደላ ትተው ወደ ምግብ ኩፖን ተሻገሩ፤ ኩፖኑ ግን ለአንድ ሰው በወር ቢያንስ ሁለት ዶላር ያስከፍላል። ምንም ገቢ የሌለው ቤተሰብ ያን ከየት ያመጣል። በሚያዝያ ሴናተር ሮበርት ኬኔዲ ወደ ዴልታ ሄደው በክሊቭላንድ ከተማ ጎጆ ውስጥ ወለል ላይ ፍርፋሪ የሚለቅም፣ ሆዱ የተነፋ ሕፃን አዩ። በምድር ካሉት ለም አፈሮች በአንዱ ላይ ረኀብ ነበረ፤ ከፍርፋሪው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆም እንዳይዘራ የተከፈለበት መሬት ጦም አድሮ ነበር።

ሄመር በ1969 ነፃነት የተባለ የኅብረት ሥራ እርሻ በ40 ኤከር ጀመሩ። አትክልት ለሚበላ፣ ጥቂት ጥጥና አኩሪ አተር ለባንክ ዕዳ። የአሳማ ባንክም ነበራቸው፤ ቤተሰቡ ሴት አሳማ ይወስዳል፣ ስትወልድ ሁለት ግልገል ለባንኩ ይመልሳል፣ ግልገሎቹም ወደ ሌላ ቤተሰብ ይሄዳሉ። እርሻው ከ600 ኤከር በላይ ደርሶ ነበር። ጎርፍ፣ ድርቅና የዕዳ ወለድ ተባብረውበት በ1976 መሬቱ ከእጃቸው ወጣ፤ በቀጣዩ መጋቢት ሄመር አረፉ። ትልልቆቹ እርሻዎችም ያው ጎርፍና ድርቅ ደርሶባቸዋል፤ እነሱ ግን በአሠርት ዓመታት የተከማቸ ኮታ ነበራቸው።

በኮንግረስ የገንዘቡ መጠን ማሳፈር ጀመረ። በካሊፎርኒያ አንድ ኩባንያ ብቻ በ1970 ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወስዶ ነበር። በዚያው ዓመት ከረዥም ትግል በኋላ አንድ ሰው በአንድ የሰብል ዓይነት ከ55 ሺህ ዶላር በላይ እንዳይከፈለው ተወሰነ፤ በ1973 ጣሪያው ለሁሉም ሰብል ተደምሮ ወደ 20 ሺህ ወረደ። ይህን የሰማ የዴልታ የሕግ ባለሙያ ወዲያው ሥራ አገኘ። ሕጉ የሚለው «አንድ ሰው» ነው፤ ኩባንያ ሰው ነው፤ ሚስት፣ ልጅ፣ የልጅ ባለአደራ፣ ሸሪክ እያንዳንዱ ሰው ነው። አንዱ እርሻ በወረቀት ላይ አሥር፣ ሃያ እርሻ ሆነ። በ1980ዎቹ ይህን ከግንዱ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ቅርንጫፍ የሚያወጣ አደረጃጀት ሰዎች «የሚሲሲፒ የገና ዛፍ» ብለው ሰየሙት፤ ስጦታው የሚንጠለጠለው በየቅርንጫፉ ነውና። ኮንግረስ በ1987 አንድ ሰው ከሦስት ድርጅት በላይ እንዳይወስድ ገደበ። ያን ጊዜ ደግሞ ሦስቱን በሙሉ መጠቀም የተለመደ ሆነ። የኦዲት መሥሪያ ቤቱ በየጥቂት ዓመቱ ጣሪያው እንደሚያፈስ ይጽፋል፤ ሕጉ በየጥቂት ዓመቱ ይጠገናል፤ ገንዘቡም ሌላ ቀዳዳ ያገኛል።

በ1983 የሬጋን መንግሥት መጋዘን የሞላውን ምርት ራሱን እንደ ክፍያ ሰጥቶ መሬት እንዲያርፍ አደረገ፤ ከሌሎቹ ፕሮግራሞች ጋር ተደምሮ ወደ 80 ሚሊዮን ኤከር ገደማ ሳይዘራ ቀረ። ለዴልታ ይህ አዲስ ነገር አልነበረም። እስከ 1990 ድረስ ካውንቲው መልኩን ቀይሮ ነበር። ብዙ የጥጥ መሬት ኩሬ ተቆፍሮበት የአምባዛ ዓሣ ማርቢያ ሆነ፤ በ1990 በኢንዲያኖላ የዓሣ ማቀነባበሪያ ወደ ዘጠኝ መቶ የሚጠጉ ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ጥቁር ሴቶች፣ የሥራ ማቆም አድማ መቱ። ኮታውን የሚያሰላው መሥሪያ ቤት በከተማው ውስጥ እንደ በፊቱ ይሠራ ነበር።

በ1996 የወጣው ሕግ ድጎማን ቀስ በቀስ ማስቀረት ፈለገ። ቋሚ ክፍያ ለሰባት ዓመት ይሰጣል፤ ገበሬው የፈለገውን ይዝራ ወይም አይዝራ፣ ክፍያው የሚሰላው ድሮ በተመዘገበው ኤከር ነው። ከዚያ ዋጋ ወደቀ፤ ኮንግረስ በየዓመቱ አስቸኳይ ክፍያ ጨመረ፤ በ2000 የመንግሥት ቀጥተኛ ክፍያ ወደ 23 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። የዋሽንግተን ፖስት ጋዜጠኞች በ2006 ባወጡት ዘገባ ከ2000 ወዲህ ብቻ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ጭራሽ ለማያርሱ ሰዎች መከፈሉን አሳዩ፤ ከነሱም ውስጥ ጥቂቶቹ በአሮጌ የሩዝ መሬት ላይ ቪላ ገዝተው የሚኖሩ ነበሩ።

በ2001 ማብቂያ አንድ የአካባቢ ጥበቃ ቡድን የመንግሥትን መዝገብ በሕግ አስወጥቶ የእያንዳንዱን ተከፋይ ስም በየካውንቲው በኢንተርኔት ለቀቀው። ቫንደንበርግ በ1936 በሴኔት የጠየቁትን ማንም ሰው ከቤቱ ማየት ቻለ። በየከተማው ቡና መጠጫ ቤት ጎረቤት የጎረቤቱን ቼክ ሲቆጥር ሰነበተ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዴልታ ላይ የሚጻፍ ቼክ ሰሃራ ዳር ድረስ እንደሚሰማ ያኔ ነው የታወቀው። የጥጥ ዋጋ በ2001 በሠላሳ ዓመት ውስጥ ዝቅተኛው ላይ ሲወድቅ የአሜሪካ አምራች ድጎማው ስለሚሸፍንለት ዘሩን አልቀነሰም፤ የማሊና የቡርኪና ፋሶ ገበሬ ግን ያ ትራስ የለውም። በ2003 የሁለቱ አገሮች ፕሬዚዳንቶች አማዱ ቱማኒ ቱሬና ብሌዝ ኮምፓኦሬ በኒው ዮርክ ታይምስ ላይ አቤቱታቸውን ጻፉ፤ ቤኒንና ቻድን ጨምረው አራት ሆነው በካንኩን የንግድ ስብሰባ ጉዳዩን አነሡ። ብራዚል ደግሞ በዓለም ንግድ ድርጅት ከሳ አሸነፈች። ፍጻሜው ያስደንቃል፤ አሜሪካ ድጎማውን ከማስተካከል ይልቅ ከ2010 ጀምሮ ለብራዚል ጥጥ አምራቾች በዓመት 147.3 ሚሊዮን ዶላር ልትከፍል ተስማማች። በ2014 ተጨማሪ 300 ሚሊዮን ሰጥታ ጉዳዩን ዘጋች። የራስን ገበሬ መደጎም ለመቀጠል የሌላውንም ገበሬ መደጎም ማለት ነው። ክስ ለመመሥረት አቅም ላልነበራቸው አራቱ የአፍሪካ አገሮች ተመሳሳይ ቼክ አልተጻፈም።

የኮሚቴው በደልም ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1997 ጥቁር ገበሬዎች የግብርና ሚኒስቴርን በብድርና በድጎማ አድልዎ ከሰሱ፤ የፒግፎርድ ጉዳይ ይባላል። በሚያዝያ 1999 ዳኛ ፖል ፍሪድማን ስምምነቱን አጸደቁ፤ ለአብዛኛው አሸናፊ ከሳሽ 50 ሺህ ዶላር። ከ15 ሺህ በላይ ሰዎች ክፍያ አገኙ፤ ድምሩ ከ1 ቢሊዮን በለጠ። ቀኑ ያመለጣቸው ከ60 ሺህ በላይ ስለነበሩ በ2010 ሌላ 1.25 ቢሊዮን ተመደበ። አንዳንዱ አቤት ባይ ግን ቼኩ የደረሰው መሬቱ ከሌላ ሰው እጅ ከገባ ሃያ ዓመት በኋላ ነው።

በ2014 ቋሚው ክፍያ ቀርቶ ድጎማ ወደ መድንና ወደ ዋጋ ዋስትና ዞረ። በ2018 ቻይና በአሜሪካ አኩሪ አተር ላይ ቀረጥ ስትጥል የትራምፕ መንግሥት ያለ ኮንግረስ አዲስ ሕግ ለገበሬዎች ካሳ አወጀ። በሁለት ዓመት ወደ 23 ቢሊዮን ዶላር ወጣ። በ2019 ክፍያው በየካውንቲው በተወሰነ ዋጋ በኤከር ከ15 እስከ 150 ዶላር ነበር። ያን ጊዜ ዴልታ በአብዛኛው አኩሪ አተርና በቆሎ ሆኖ ነበር፤ በ2020 በወረርሽኙ ሰበብ የአገሪቱ የእርሻ ክፍያ ከ45 ቢሊዮን በላይ ወጥቶ ታይቶ የማይታወቅ ሆነ።

በመስከረም 2021 ስድስት ጥቁር የእርሻ ሠራተኞች በሰንፍላወር የሚገኝ አንድ ትልቅ እርሻን ከሰሱ። እርሻው ከደቡብ አፍሪካ ነጭ ሠራተኞችን በጊዜያዊ ቪዛ እያመጣ በሰዓት ወደ 12 ዶላር ሲከፍላቸው፣ የአካባቢውን ሰዎች በአብዛኛው በ7 ዶላር ከ25 ሳንቲም እንዳሠራቸውና ቀስ በቀስ እንደተካቸው አመለከቱ፤ ጉዳዩ በስምምነት አለቀ። ከከሳሾቹ አንዳንዶቹ ቤተሰባቸው በዚያ መሬት ላይ ለትውልዶች ሠርቷል። የ1930ዎቹ ባለ መሬት በእኩል አራሹ ቦታ ቀን ሠራተኛ፣ ቀጥሎ ማሽን እንዳስገባ፣ አሁን ከውቅያኖስ ማዶ ሠራተኛ መጣ።

በ2021 ኮንግረስ አድልዎ ለደረሰባቸው አናሳ ገበሬዎች 4 ቢሊዮን ዶላር የዕዳ ስረዛ መደበ። ነጭ ገበሬዎች በዘር ላይ የተመሠረተ ነው ብለው ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቶች አገዱት፤ በ2022 ሕጉ ተሻረ። በምትኩ ዘር ሳይጠቅስ አድልዎ ለደረሰበት ሁሉ 2.2 ቢሊዮን ተመደበ። በሐምሌ 2024 ለ43 ሺህ ሰዎች ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር ተከፈለ፤ ብዙዎቹ የሚሲሲፒና የአላባማ ነዋሪዎች ናቸው። ሲያርሱ የኖሩት ከ10 ሺህ እስከ 500 ሺህ አገኙ። ብድር ተከልክለው እርሻ ለመጀመር እንኳ ያልቻሉት ደግሞ ከ3,500 እስከ 6,000 ዶላር።

በ2020 ቆጠራ የሰንፍላወር ሕዝብ 26 ሺህ አልሞላም፤ ከ1930ው ከግማሽ በታች ማለት ነው። በሐምሌ 4፣ 2025 የተፈረመው ሕግ የአንድ ሰው የክፍያ ጣሪያን ከ125 ሺህ ወደ 155 ሺህ ዶላር አነሣ። ለጥጥ ከነፍሬው የሚሰጠውን የዋጋ ዋስትና በፓውንድ ከ36.7 ወደ 42 ሳንቲም፣ የአኩሪ አተሩን በቡሼል ከ8.40 ወደ 10 ዶላር ከፍ አደረገ፤ በአገሪቱ እስከ 30 ሚሊዮን የሚደርስ አዲስ ኤከርም ክፍያ ከሚታሰብበት መዝገብ እንዲገባ ፈቀደ። በአዲሱ ዋጋ የመጀመሪያው ቼክ የሚወጣው በጥቅምት 2026 ነው፤ የሚሰላውም በኤከር ነው።